ለማን ነው የሚናገረው?

ልብ ወለድ የሚጽፉ ወዳጆቼ ሲገናኙ ከሚያማርሯቸው ነገሮች አንዱ ገጸ ባሕርያቸው ሁሉ እነሱን መስሎ ማውራቱ ነው። አዛውንቱም፣ ገና ሥራ የጀመረችው ነርስም፣ ሌባውም፣ ዳኛውም አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይሠራሉ። ቀልዳቸው አንድ ነው። ሲናደዱ እንኳ በአንድ ዜማ ይናደዳሉ። ከመድረክ ሰዎች የምሰማው ቅሬታ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ተዋናዩ ድምፅ አምጥቷል፤ ጉሮሮውን አሻክሯል፣ ቃል እየጎተተ ይናገራል፣ አልፎ አልፎም ይንተባተባል። ከድምፁ ጀርባ ግን ሰው የለም። ልኩ ያልሆነ የውሰት ኮት እንደለበሰ ሰው ነው፤ ዓይናችን ኮቱ ላይ ይቀራል።

ለእኔ የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው። ጸሐፊውም ተዋናዩም ድምፁን ሲፈልጉ የሚቆፍሩት ተናጋሪው ውስጥ ነው። የት ተወለደ፣ ምን ተማረ፣ ምን ያስፈራዋል፣ የሚወደው ቀለም ምንድን ነው እያሉ ገጽ ሙሉ መጠይቅ ይሞላሉ። መጠይቁ ለታሪኩ ሊጠቅም ይችላል፤ አንድ መስመር ምልልስ ሲወልድ ግን አይቼ አላውቅም። የሕይወት ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ የምናውቀው ሰው አፉን ሲከፍት እኛኑ ሆኖ ቁጭ ይላል። የጎደለው መረጃ አይደለም፤ ፊቱ የቆመው ሰው ነው። ሰው ዝም ብሎ አይናገርም። ለሆነ ሰው ይናገራል፤ ከዚያ ሰውም የሚፈልገው ነገር አለ፤ አለዚያም ከዚያ ሰው የሚሸሽገው ነገር አለ። ድምፁ የሚወጣው ከዚህ መካከል ነው።

ቲያትር ይህን ከጥንቱ ያውቀዋል። የግሪክ ትራጄዲ ሲጀምር መድረኩ ላይ የነበረው ተዋናይ አንድ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ መዘምራን ናቸው። አርስቶትል ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው መጽሐፉ እንደሚነግረን የተዋናዩን ቁጥር ከአንድ ወደ ሁለት ያሳደገው ኤስኪለስ ነው፤ የመዘምራኑን ድርሻ ቀንሶም ንግግሩን ዋና አደረገው። ሦስተኛውን ተዋናይ የጨመረው ሶፎክሊስ ነው። ይህ የቲያትር ታሪክ ትምህርት ላይ ሲነሳ የቁጥር ጉዳይ መስሎ ያልፋል። እስቲ ግን መድረኩን በዓይነ ሕሊናችን እንየው። አንድ ተዋናይ ብቻውን ያውጃል፣ ይተርካል፣ ያለቅሳል፣ አማልክቱን ይማጸናል፣ ከመዘምራኑ ጋር ይቀባበላል። ሁለተኛው ሲገባ መዋሸት ይመጣል። ማባበል፣ መሸሽ፣ ጥያቄን በጥያቄ መመለስ፣ የተጠየቁትን ትቶ ያልተጠየቁትን ማውራት ይመጣል። ሦስተኛው ሲጨመር ደግሞ አፍ ወደ አንዱ ዞሮ ቃሉ ሌላውን ይወጋል። እኛ አሽሙር የምንለው ነገር እዚያ የሚጣፍጠው ቆሞ የሚሰማ ሌላ ሰው ስላለ ነው። አዲስ ተዋናይ በተጨመረ ቁጥር የበዛው ጉሮሮ ብቻ አልነበረም፤ ቀድሞ መድረክ ላይ የነበረው ሰው አዲስ የአነጋገር ዓይነት አገኘ።

መድረኩን ትተን ወደ ተራ ንግግር ብንመጣም ያው ነው። ኒውዚላንዳዊው የሥነ ልሳን ምሁር አለን ቤል እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት የሬዲዮ ዜና አንባቢዎችን አነጋገር መርምሮ ነበር። አንባቢዎቹ ለሁለት ጣቢያዎች ያነባሉ፤ አንዱ አገር አቀፍ፣ ሌላው የአካባቢ ጣቢያ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፣ ሥራቸው ያው ዜና ማንበብ ነው፣ ስቱዲዮውም ያው ነው። ሆኖም በሁለት አናባቢዎች መካከል የሚመጣውን የእንግሊዝኛ «ት» ለአገር አቀፉ ጣቢያ ሲያነቡ ጥርት ያደርጉታል፤ ለአካባቢው ጣቢያ ሲያነቡ ወደ «ድ» ማለስለሱ ይበዛል። እኔን የሚገርመኝ ልዩነቱ አይደለም፤ አድማጩ አለመታየቱ ነው። ማይክሮፎን ፊት የተቀመጡ ሰዎች በዓይናቸው ላላዩት ሕዝብ አፋቸውን አስተካክለዋል። የቤል መደምደሚያ፣ ሰው የንግግር ስልቱን ከምንም በላይ የሚቀርጸው አድማጩን አስቦ ነው የሚል ነበር። ይህን ሳነብ ቤል ስለ ትወና የጻፈ መስሎኝ ነበር።

በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነን፤ ቋንቋው አድማጩን ረስተን እንድናልፍ አይፈቅድልንም። ገጸ ባሕርያችን አንድን ሰው ለመጥራት እንኳ ማን ፊት እንደቆመ መወሰን አለበት፤ ና፣ ነይ፣ ኑ፣ ይምጡ። ሁሉንም አቻችሎ የሚያልፍ አምስተኛ መንገድ የለም። ብዙ ጸሐፊ ግን ይህን እንደ ሰዋስው ግዴታ ሞልቶት ያልፋል፤ ለትልቅ ሰው «እርስዎ»፣ ለእኩያ «አንተ»፣ አለቀ። ሀብቱ ያለው ደንቡ በሚናጋበት ቦታ ነው። አማቱን ዕድሜ ልኩን «እርስዎ» ሲል የኖረ ሰው በክርክር መሐል አንድ ጊዜ «አንተ» ካመለጠው፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ስድብ ሁሉ ትርፍ ነው። አለቃዋን ፊት ለፊት «እርስዎ»፣ በልቧ «አንተ» የምትል ሠራተኛ ሁለት ድምፅ አላት። ልብ ወለድ ሁለቱንም ሊያሰማን ይችላል፤ መድረክ ላይ ግን ተዋናይዋ አንዱን በአፏ እየተናገረች ሌላውን በዓይኗ ማሰማት አለባት። ተኳርፈው የከረሙ ሁለት እኩያሞች ደግሞ በድንገት «እርስዎ» ቢባባሉ፣ አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት እናውቀዋለን።

ነገሩን በምሳሌ ላሳይ። አንዲት ሴት ያዋሰችውን መጽሐፍ ማስመለስ ትፈልጋለች። ሴትየዋም ያቺው፣ መጽሐፉም ያው፤ የሚለያዩት የሚጠየቁት ሰዎች ናቸው።

ለታናሽ ወንድሟ፦ «መጽሐፌን! አሁኑኑ!»

ለሥራ ባልደረባዋ፦ «ያ መጽሐፍ... ጨረስከው እንዴ? አይ፣ ካልጨረስክ ችግር የለውም።»

ለቀድሞ አስተማሪዋ፦ «መጽሐፉ ምናልባት እርስዎ ዘንድ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ለተለያየችው ፍቅረኛዋ፦ «እኔ የምፈልገው መጽሐፌን ብቻ ነው።»

የመጨረሻውን እንየው። ሌላ ነገር ትፈልጊያለሽ ያላት ሰው የለም። «ብቻ» የምትለው ቃል ላልቀረበ ክስ የተሰጠች መልስ ናት፤ አንባቢም ክሱን የሚሰማው በመልሱ በኩል ነው። አስተማሪዋ ዘንድ ስትሄድ ደግሞ ጥያቄው ጥያቄነቱ ይጠፋል፤ መጽሐፉ በራሱ እግር ሄዶ የቀረ ይመስላል። ባልደረባዋን ጠይቃ ሳትጨርስ ጥያቄዋን መልሳ ትወስደዋለች። ወንድሟ ዘንድ ግስ እንኳ አላስፈለጋትም። ታዲያ ከአራቱ እውነተኛው ድምፅዋ የትኛው ነው? አራቱም ናቸው። የዚህች ሴት ድምፅ ማለት ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር የምትለዋወጥበት መንገድ ነው። መፈለጓን ደፍራ የተናገረችው አንድ ሰው ፊት ብቻ ነው፤ ያውም ሌላ ምንም እንደማትፈልግ ለማስረዳት። ይህን ካወቅኩ በኋላ የምትወደውን ቀለም ባላውቅም ግድ የለኝም። ፖሊስ ፊት፣ ሐኪም ፊት፣ ልጇ ፊት እንዴት እንደምትናገር መገመት እችላለሁ።

በዚህ ምክንያት በጽሑፍ ሥልጠናዎች ላይ የሚዘወተረው አንድ ምክር አይጥመኝም። የተናጋሪዎቹን ስም ሸፍናችሁ ምልልሱን አንብቡ፣ ማን እንደተናገረ ካልለያችሁ ገጸ ባሕርዩ ድምፅ የለውም ይላል። ለጀማሪ ክፋት የለውም። ግን ምን ያስከትላል? ጸሐፊው ፈተናውን ለማለፍ ሲል ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ምልክት ይለጥፍለታል፤ አንዱ በተረት ይናገራል፣ አንዷ ቃል ትደግማለች፣ አንዱ «ማለቴ» ሳይል አያወራም። አሁን ስሙ ቢሸፈንም ይለያሉ፤ ሰው ስለሆኑ ሳይሆን ባጅ ስላንጠለጠሉ። በእውነተኛ ሕይወት አብረው የኖሩ ሰዎች አንዳቸው የሌላውን አነጋገር ይወርሳሉ። ባልና ሚስት አንድ ዓይነት ቀልድ ይቀልዳሉ፤ የሚፈራ ሰው የሚፈራውን ሰው ቃል ይደግማል። በጥሩ ምልልስ ውስጥ ስሙ ተሸፍኖ የማይለይ መስመር ካለ፣ አንዳንዴ እዚያ ቦታ ላይ አንዱ ሌላውን እያሸነፈው ነው።

ስለ ዘዬ ብዙ አልልም። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌን «ሃክልቤሪ ፊን» በተባለው ልብ ወለዱ መግቢያ ላይ ሰባት ዓይነት የአካባቢ አነጋገር እየለየ እንደተጠቀመ ለአንባቢ ያስታውቃል። ድካሙን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ተራኪውን ልጅ ሃክን ያኖረው ዘዬው ብቻ አይመስለኝም። ልጁ አፉን ሲከፍት የመጀመሪያው ሥራው እኛን «አንተ» ብሎ ማናገር ነው፤ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ፊቱ ያስቀምጠናል። ዘዬን በፊደል ለመቅዳት የሚደረግ ልፋት ከሁለት ከሦስት ምልክት ካለፈ ለእኔ ትርፉ አንባቢን ማድከም ነው።

ይልቅ ጥቃቅን ቃላትን ብንመረምር ይሻላል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንዲጸድቅ ለመሟገት እ.ኤ.አ. በ1787 እና 1788 በብዕር ስም ከወጡት የፌደራሊስት ጽሑፎች መካከል 12ቱን የጻፈው ሐሚልተን ይሁን ማዲሰን ሲያከራክር ኖሯል። ፍሬድሪክ ሞስቴለርና ዴቪድ ዋላስ የተባሉ የስታቲስቲክስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተሙት ጥናት ክርክሩን ወደ ማዲሰን አዘነበለው። የቆጠሩት ታላላቆቹን ቃላት አልነበረም። ስለ ነፃነትና ስለ መንግሥት ሁለቱም ይጽፋሉና እነዚያ አይለዩም። የለዩት ማንም ልብ የማይላቸው መስተዋድዶችና አያያዦች ናቸው፤ ሐሚልተን እየደጋገመ የሚጠቀምባትን አንዲት ትንሽ መስተዋድድ ማዲሰን ከነጭራሹ አይነካትም ማለት ይቻላል።

የእኛዎቹ ጥቃቅን ቃላት ደግሞ ከዚህም ያለፈ ሥራ አላቸው፤ አብዛኞቹ ፊታቸው ወደ አድማጩ የዞረ ነው። «ነግሬሃለሁ» እና «ነግሬሃለሁ እኮ» የሚሉ ሁለት ሰዎች አንድ ሰው አይደሉም። «እኮ» የምትል ሴት ሰሚው ማወቅ የነበረበትን ነገር እንዳላወቀላት ታምናለች፤ በየዓረፍተ ነገሩ የምትደጋግማት ከሆነ ዕድሜዋን ሙሉ ሰሚ ያጣች ሰው ልትሆን ትችላለች። «አይደል?» እያለ የሚጨርስ ሰው ፈቃድ እየለመነ ነው፤ ወይም ሌላው እንዳይቃወመው በሩን እየዘጋ። ሁለቱን የሚለየው የተናገረለት ሰው ነው። «ለነገሩ» የሚል ሰው ካለበት ቦታ አንድ እርምጃ እያፈገፈገ ነው። ረቂቅ ሳርም ብዙ ጊዜ የማጠፋው ስም ወይም ቅጽል ሳይሆን እነዚህን ነው፤ የእኔ የሆኑት «ለነገሩ»ዎች ሳላስበው በሰው አፍ ገብተው አገኛቸዋለሁ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥም የእኔን መቁጠር ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ክፍት ነው።)

ወደ ትወናው ልመለስ። ሩሲያዊው የቲያትር አዘጋጅና የትወና መምህር ስታኒስላቭስኪ ከሞተ በኋላ በታተመው፣ በአንድ የትወና ተማሪ ማስታወሻ መልክ በተጻፈው መጽሐፉ ውስጥ አንድ የምወደው ቦታ አለ። ተማሪው ከአልባሳት ክፍል ያረጀ፣ ሻጋታ የመሰለ ኮት መርጦ ወስዷል፤ ኮቱን የሚለብሰው ሰው ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ቀናት ያልፋሉ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ የፊቱን ቀለም በቅባት ሲያስለቅቅ ቀለሙ ተዘባርቆ ፊቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ በዚያ ቅጽበት ሰውየው ይመጣል። ምቀኛ፣ ነቃፊ፣ ምንም የማያስደስተው ሐያሲ። ይህን ክፍል የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ ቀለሙና ስለ ኮቱ ነው። እኔን የሚስበኝ ቀጥሎ የሚሆነው ነው። ተማሪው እየሮጠ ወደ አስተማሪው ይሄዳል፤ የሚያከብረውንና የሚፈራውን ሰው ፊት ለፊት በዚያ በሚያስጠላ ድምፅ ይዘልፈዋል። አስተማሪው በጠየቀው ቁጥር መልስ አያጣም፤ ቃል ከቃል እየወለደ ይቀጥላል። ቀለሙ ፊት ሰጠው፤ አፍ የሰጠው ግን አስተማሪው ነው። ብቻውን መስታወት ፊት ቢቀር ኖሮ ያ ሐያሲ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ የሚቆይ አይመስለኝም።

አሜሪካዊው የትወና መምህር ሳንፎርድ ማይዝነር ይህንኑ ወደ ልምምድ ለወጠው። ሁለት ተዋናዮች ፊት ለፊት ይቆሙና አንዱ በሌላው ላይ ያየውን አንድ ተራ ነገር ይናገራል፤ ሌላው ይደግመዋል፤ እንደገና ይደገማል። የሚጨመር ነገር የለም። አነጋገሩን የሚለውጠው የሌላኛው ፊት፣ ትንፋሽ፣ መሰልቸት ወይም ሳቅ ብቻ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው አሰልቺ ሊሆን ይችላል፤ እኔም ስመለከት አዛግቼ አውቃለሁ። ግን ተዋናዩ ድምፁን ቤቱ ሠርቶት እንዳይመጣ የሚከለክል ልምምድ ነው።

በአንድ ልምምድ ላይ ያየሁትን ልጨምር። ተዋናይዋ ለታማሚ መጥፎ ዜና የምትነግር ሐኪም ሆና ትጫወታለች። ድምፅዋ ወይ የለቅሶ ይሆናል፣ ወይ የደረቀ የቢሮ ድምፅ ይሆናል። አዘጋጁ ቃለ ተውኔቱን አልነካም፤ ስለ ስሜቷም አላወራም። ያለው ይህን ብቻ ነው፤ «የምትነግሪው ለሱ ነው፣ ነገር ግን በሩ ላይ ልጁ ቆማለች፣ እንድትሰማ አትፈልጊም።» ድምፅዋ ወዲያው ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ቃላቱ ተሳሉ። «ውጤቱ ደርሷል» የሚለው ደረቅ መስመር ምስጢር ሆነ። ሰውየውን እንዳይጮህ ትለምነው ይመስል ነበር። ማንም እንድትራራ አልነገራትም።

ከዚያ ወዲህ የአድማጩ ርቀት ብዙ ጊዜ ከስሜት እንደሚቀድም አምናለሁ። ሰሚው አጠገብ ነው? ከግድግዳ ወዲያ ነው? ጀርባውን ሰጥቷል? ትንፋሽ የሚመጠነው በዚያ ነው፤ ድምፅ ደግሞ ትንፋሽ ነው። አድማጩን የትም ያላስቀመጠ ተዋናይ ለአዳራሹ ይናገራል፤ ለአዳራሽ የሚናገር ሰው ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት ድምፅ አለው። ተዋናይ በእርግጥ ሊሰማው ይገባል ወይስ ልቡ መቀዝቀዝ አለበት የሚለውን የቆየ ሙግት እዚህ አልከፍተውም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዲድሮ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1830 በታተመው ሥራው ታላቅ ተዋናይ ልቡ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ተከራክሯል። ደስ የሚለኝ ግን ይህን ያለው በሁለት ሰዎች ምልልስ መልክ መሆኑ ነው፤ የሚከራከረው ሰው ሳይፈጥር አልተከራከረም።

አድማጭ በአካል በሌለበትስ? ማይክሮፎን ፊት ብቻውን ቆሞ የሚተርክ ወይም ዳቢንግ የሚሠራ ሰው ይህን ጥያቄ በየዕለቱ ይጋፈጣል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የሰማ ሰው አንድ ጉሮሮ ስንት ሰው እንደሚይዝ ያውቃል። ትረካውን ደጋግሜ ስሰማ ወንድና ሴትን፣ ሽማግሌና ወጣትን ለመለየት ብሎ ጉሮሮውን ከሚገባው በላይ ሲያስጨንቅ አልሰማም። የምሰማው አንዱ ሌላውን ሲያናግር የሚለወጠውን ፍጥነትና ማዕረግ ነው። ጉዱ ካሳ ፊታውራሪ መሸሻን ሲያናግርና በዛብህን ሲያናግር ጉሮሮው ያው ነው፤ ሰውየው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ይሰማል። ስቱዲዮው ውስጥ ከወጋየሁ ፊት የነበረው ወረቀት ብቻ ነበር፤ ሰዎቹን ግን እዚያው ፊቱ ያስቀመጣቸው ይመስለኛል።

ብቻውን የሚያስብ ሰውም ቢሆን ብቻውን አይደለም። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1934፣ በሞተበት ዓመት በታተመው መጽሐፉ፣ የውስጥ ንግግር መነሻው ከሌላ ሰው ጋር የምናደርገው ንግግር እንደሆነ፣ ወደ ውስጥ ሲገባም እንደሚያጥር ጽፏል። ስለ ምን እንደምናወራ ለራሳችን መናገር ስለማያስፈልገን ባለቤቱ ይወድቅና ስለ እሱ የሚነገረው ብቻ ይቀራል። ለመነባንብና ለውስጥ ሐሳብ ይህ የሚጨበጥ ትምህርት ነው። ገጸ ባሕርዩ በልቡ «ትናንት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የተፈጠረው አለመግባባት አሁንም ያናድደኛል» ካለ፣ ለራሱ እያወራ አይደለም፤ ለእኛ ሪፖርት እያቀረበ ነው። ለራሱ ቢሆን «ደግሞ ፈገግ ይላል!» ይበቃዋል። ማን ፈገግ እንዳለ እሱ ያውቃል፤ እኛም ትንሽ ቆይተን እንደርስበታለን።

የሥነ ጽሑፍ ሐያሲው ባኽቲን ስለ ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው ጥናት ይህን ከሌላ ወገን ያየዋል። የዶስቶየቭስኪ የመጀመሪያ ልብ ወለድ፣ እ.ኤ.አ. በ1846 የወጣው «ድሆች»፣ በደብዳቤ ልውውጥ የተጻፈ ነው። ደብዳቤ ጻፊው ድሃ የቢሮ ጸሐፊ ማካር ዴቩሽኪን አንድ ነገር ተናግሮ ሳይጨርስ ሰው ምን ይለኝ ይሆን ብሎ ወደ ጎን ይገላመጣል፤ ያልተነገረ ነቀፋ ይመልሳል፣ ያልጠየቁትን ያስተባብላል። ያቺ መጽሐፏን የምትጠይቀው ሴት «ብቻ» ያለችው በዚሁ መንገድ ነው። ደራሲው ራሱም ኋላ ላይ ድምፅ ማሰማት የሚፈልግ ሰው ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1866 የጊዜ ገደብ አስጨንቆት «ቁማርተኛው»ን በ26 ቀን ያጠናቀቀው፣ አና ለተባለች ወጣት የአጭር እጅ ጽሕፈት ባለሙያ እየተናገረ በማስጻፍ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት አገባት፣ ከዚያ በኋላም ለእሷ ማስጻፉን ቀጠለ። ፈረንሳዊው ደራሲ ፍሎቤር ደግሞ ዓረፍተ ነገሮቹን ብቻውን እየጮኸ ይፈትናቸው ነበር። ሁለቱም ጮክ ብሎ የመሞከር መንገድ ናቸው፤ ምርጫ ካለኝ ግን ከዶስቶየቭስኪ ጋር ነኝ። ጮክ ብሎ ብቻ ማንበብ ዜማን ያርማል። ለሰው ማንበብ ደግሞ ውሸትን ያጋልጣል፤ የሰሚው ዓይን ወዴት እንደሄደ ታያለህና።

አንዳንድ ጊዜ ይህን ሐሳብ የሚቃወም ምሳሌ ፍለጋ ወደ ፖርቱጋላዊው ገጣሚ ፈርናንዶ ፔሶዋ እሄዳለሁ። ብቸኛ ሰው ነው፤ ግን የራሳቸው የሕይወት ታሪክና የራሳቸው ስልት ያላቸው ገጣሚዎች በውስጡ ፈጥሮ በስማቸው ጽፏል። አድማጭ ሳይኖር ድምፅ አልተገኘም? ጠጋ ብለን ስናየው ግን ገጣሚዎቹ ተነጣጥለው የተቀመጡ አይደሉም። አልቤርቶ ካዬሮ መምህር ነው፤ ሪካርዶ ሬይስና አልቫሮ ደ ካምፖስ ደቀ መዛሙርቱ ናቸው፤ ፔሶዋ ራሱም ራሱን ከደቀ መዛሙርቱ ቆጥሯል። ካምፖስ ስለ መምህሩ ማስታወሻ ይጽፋል፣ ይከራከራሉ፣ አንዱ በሌላው ግጥም ላይ አስተያየት ይሰጣል። አንድ ክፍል ውስጥ የሚኖር ሰው እርስ በርስ የሚደማመጥ ጉባኤ አቋቁሞ ነበር።

አሁንም የሚፈታተነኝ ግን አንድ ዓይነት ሰው አለ፤ ለንጉሥም ለእረኛም በአንድ አፍ የሚናገር ሰው። ከማንም የሚፈልገው የለም፤ ወይም እንደዚያ ይመስላል። አሁን በምጽፈው ተውኔት ውስጥ አንዲት አሮጊት እንዲህ ናት። ለልጇ፣ ለሐኪሟ፣ ለጎረቤት ሕፃን አንድ ዓይነት አጭር ዓረፍተ ነገር አላት። ድምፅዋ በመለዋወጧ ውስጥ አይገኝም፤ አትለዋወጥም። ፊቷ ያለውን ሰው አልፋ የሞተ ባሏን ታናግር ይሆን ብዬ ሞክሬ ነበር፤ ለአንድ ትዕይንት ሠራ፣ ለሌላው ግን ማብራሪያ መሰለ፤ ተውኩት። ከእንደዚህ ያለ ሰው ጋር የሚለወጡት ሌሎቹ ናቸው። ልጇ እሷ ስትገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሐኪሙ የጀመረውን ረጅም ማብራሪያ ያሳጥረዋል፤ ሕፃኑ ብቻ እንደ እሷው ይመልስላታል። ስለዚህ በየትዕይንቱ መጀመሪያ የሌሎቹን መስመር እጽፋለሁ፤ የእሷን የማስገባው ከሁሉም በኋላ ነው፣ እነሱ በተዉት ክፍተት ልክ። እስካሁን ከስድስት ቃል የበለጠ ዓረፍተ ነገር አልፈለገችም።